ሳልነቀስ የጠቆረው ድዴ

ይህን የምጽፈው ከጦር ሜዳ ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ ተመልሶ፣ «ተወው፣ አብሮህ ይኑር» ተብሎ ለተሸኘ ሰው ነው። ለሚስቱም ጭምር ነው፤ እኔ ቤት ነገሩን ቀድማ ያየችው ሚስቴ ባንቻየሁ ናትና። ሐኪም አይደለሁም። በእንጅባራና በዳንግላ ገበያ ፈረስ የምገዛና የምሸጥ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እግረኛ ወታደር የነበርሁ ሰው ነኝ። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እሱንም ለማወቅ ስንት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥን እኔና ባንቻየሁ እናውቃለን።

ከጥይቷ ልነሳ። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ጾረና ግንባር ነበርሁ። አንድ ማለዳ ጋንታችን ከምሽግ ወጥታ ወደ ፊት ስትሄድ ዋሴ የሚባለው ጓደኛዬ በእኛና በእነሱ ምሽግ መካከል ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ትከሻውን ተመትቶ ወደቀ። ዋሴ የአዘና ከተማ ልጅ ነው፤ ከማሠልጠኛ ጀምሮ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የለበስን ሰዎች ነን። ጋንታዋ እንድትመለስ ስትታዘዝ እሱ እዚያው ቀረ። ሮጬ ሄድሁና አዘልሁት። ስመለስ ጉልበቴን አንድ ነገር መታኝ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም፤ እግሬ ብቻ አልታዘዝ አለኝ። የቀረውን መንገድ ዋሴን እየጎተትሁ፣ ዋሴ ደግሞ «ትተኸኝ ሂድ፣ አንተ ደንቆሮ!» እያለ እየሰደበኝ ምሽጋችን ደረስን። በኋላ ሰልፍ ፊት አቁመው ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ያደረጉልኝ ለዚያች ማለዳ ነው። ሰው ጀግና ሲለኝ ግን ጆሮዬ ላይ የሚመጣብኝ ያ ስድብ ነው።

የግንባሩ ሐኪም ጉልበቴን አገላብጦ አየና «ጥይቷ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብታለች። እዚህ ሆኜ ብፈልጋት እግርህን ላሳጣህ እችላለሁ። ቁስሉ ይደርቃል፤ እሷ አብራህ ትኑር» አለኝ። በዚያ ድንኳን፣ በዚያ ሁሉ ቁስለኛ መካከል፣ የሚቻለውን አደረገ፤ ዛሬም አልወቅሰውም። የዋሴንም የትከሻ ፍንጣሪ እንዲሁ ተዉት። ከእኛ ጎን ግን ምናሉ የሚባል የጋንታችን ልጅ ተኝቶ ነበር። ከወገቡ ፍንጣሪ አወጡለት። በማግስቱ አረፈ። ምን እንደ ገደለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደም ፈሶት ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። እኔና ዋሴ በዓይናችን ያየነው ግን ብረቱ ሲወጣና ነፍሱ ተከትላ ስትወጣ ነው። እዚያው አልጋችን ላይ እንዳለን፣ ማንም ሐኪም ብረታችንን እንዳይነካ ተማማልን።

አገሬ ስገባ ጥይቷ መከበሪያዬ ሆነች። ጉልበቴን ሳጥፍ ቀጭ ትላለች። ሠርግ ቤት ሽማግሌዎቹ ጠርተው ጉልበቴን ይዳስሳሉ፣ ይገረማሉ፣ ይመርቃሉ። ጥር ላይ እንጅባራ የፈረሰኞች በዓል ሲሆን ሜዳሊያዬን አድርጌ ስወጣ «ያ ነው፣ ጥይት ጉልበቱ ላይ ያለው» ይባልልኛል። የጦር ሜዳ ቁስል አመመኝ ብሎ ሐኪም ቤት መሄድ እኛ ዘንድ አልተለመደም። የሚከለክል የለም፤ ግን አይኬድም። ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ቅቤ ቀብቼ ዝም እላለሁ።

እንዲህ እያልሁ ከአሥር ዓመት በላይ ኖርሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በሆዴ ነው። ክረምት ላይ ነበር። ቁርጠት እየመጣ ያጣጥፈኛል፤ ከዚያ ለቀናት ሆዴ ይደርቃል። ምግብ ሁሉ የዛገ ቆርቆሮ ጣዕም ሆነብኝ። ባንቻየሁ ወጡን ቀየረች፣ ድስቱን ቀየረች፣ በመጨረሻ «እኔንም ቀይረኛ!» ብላ ተቆጣች። ግምጃ ቤት ከተማ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ፤ ታይፎይድ ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝና ተመለሰብኝ። ዳንግላ ሄድሁ፤ ጨጓራ ነው ተባልሁ፤ በርበሬ ተው፣ ጠላ ተው ተባልሁ። ሁለቱንም ተውሁ። ሌላው ጋ አሜባ ነው አሉኝ። አንዱ ደግሞ ደምህ አንሷል ብሎ የብረት ክኒን ሰጠኝ። በየሄድሁበት ሁለት ጥያቄ አይቀርም። «ሌላ ሕመም አለብህ?» «የለብኝም።» «ኦፕራሲዮን ተደርገህ ታውቃለህ?» «አላውቅም።» ሁለቱም እውነት ነው። ጥይቷን ሕመም ብዬ አላውቃትም፤ ማንም አላወጣትም።

ድዴን ያየችው ባንቻየሁ ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በር ላይ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ጎረቤት አንድ ነገር ተናግሮ ሳቅሁ። ባንቻየሁ አፍጥጣ አየችኝ።

«እስቲ አፍህን ክፈት።»

«ምነው፣ ገበያ ልታወጭኝ ነው?»

«ክፈት ብዬሃለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ድድህን ማን ነቀሰህ?»

እኛ አገር ድዳቸውን የሚነቀሱት ሴቶች ናቸው። የባንቻየሁ እናት ድድ እስከ ዛሬ እንደ ጠቆረ ነው። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ድዱ ሲደማበት ለመድኃኒት ይነቀሳል። የኔ ግን ከጥርሴ ሥር ሥር የሄደች ቀጭን ሰማያዊ ጥቁር መስመር ነበረች፤ በመስታወት አየኋት። ባንቻየሁ እስኪያማት ሳቀች። ወሬው ከደጃችን ወጣ። ገበያ ላይ ደላሎቹ «ሃምሳ አለቃ፣ ለማን ልትዳር ነው የተኳኳልኸው?» ማለት ጀመሩ። ቀልዱ መጀመሪያ አላስከፋኝም፤ እያደር ግን አንገበገበኝ። ሜዳሊያዬን ሲያይ የኖረ ሰው ሁሉ አሁን አፌን ነው የሚያየው። ስስቅ ጋቢዬን አፌ ላይ ማድረግ ለመድሁ፤ ቆይቶ መሳቁንም ተውሁት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ የሄድሁባቸው ሐኪሞች አፌን አላዩም አልልም። አንዱ የጤና መኮንን ባትሪ አብርቶ አየና «ንቅሳት ነው አይደል?» አለኝ። አፍሬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሰውየው ወደ ሆዴ ወረደ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እናቱም የተነቀሰች ትሆናለች። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ደንግጦ ይጠይቀኝ ነበር።

ከዚያ እጄ መጣ። ዳንግላ ገበያ አንድ ገበሬ የሚሸጠውን ፈረስ ዕድሜ ለማወቅ ከንፈሩን ገልቤ ጥርሱን ልቆጥር ቀኝ እጄን ሳነሳ፣ እጄ ከአንጓው ላይ ተንጠለጠለ። ጣቶቼ አሉ፤ ክንዴ አለ፤ መሀሉ አልቀና አለኝ። ባለ ፈረሱ «ነከሰህ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። «አልነከሰኝም» አልሁና በግራዬ እንደምንም አየሁት። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጓም መያዝ አቃተኝ፤ ዛቡ ከእጄ ይንሸራተታል። ሰው እንዳያይብኝ ፈረሱን እየሳብሁ በእግሬ መሄድ ጀመርሁ። ጦር ሜዳ ፈርቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ግን እዚያ የምፈራው ነገር ከየት በኩል እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ይህኛው ከውስጤ ነው የመጣው፤ ስምም የለው።

ሌሊቱ ይከፋ ነበር። እንቅልፍ የለኝም፤ ነገ ደግሞ የትኛው አካሌ ይሆን የሚከዳኝ እያልሁ ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቅሳለሁ። ቀን ቀን በትንሹም በትልቁም እጮኻለሁ። አንድ ቀን ባንቻየሁ ሸሚዜን ልትቆልፍልኝ ስትል ገፈተርኋት።  ቁልፉን ቆልፋ ጨርሳ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን እብድ ልሆን ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንሁ።

አማቴ በአገውኛ ከልጇ ጋር ተመካክራ ጠበል ሄድን። ጠበሉ ልቤን አሳረፈው፤ ይህን አልክድም። እዚያ የማላውቃት አንዲት እናት ጠበሉን ስጠጣ ጣሳው እንዳያመልጠኝ ከሥሩ ደግፋ ትይዝልኝ ነበር። ስሜንም ሳትጠይቀኝ በየጠዋቱ መጥታ ትይዝልኛለች። ቁርጠቱ ግን አልተወኝም። ካህኑም በመጨረሻ «ልጄ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ባሕር ዳር ሂድ» አሉኝ። ዳማዬን ሸጥሁ፤ በበዓል ቀን የምጋልበውን ፈረስ ማለቴ ነው። ገዥው አፉን ከፍቶ ሲያየው ዞር አልሁ።

ባሕር ዳር ትልቁ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ከግድግዳ ግድግዳ ተቀምጧል። ስም ይጠራል፤ የኔ አይደለም። በር ይከፈታል፤ ሁላችንም ቀና እንላለን፤ ነርሷ ታልፋለች፤ ሁላችንም እናቀረቅራለን። ባንቻየሁ ዳቦ ቆርሳ ከጎናችን ለተቀመጡት ሁሉ አካፈለች። ከጎኔ የነበሩ አንድ አባት «ወታደር ነበርህ መሰለኝ» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። «አቀማመጥህ፤ ጀርባህን ለበር አትሰጥም» አሉኝ። በዚያ ጭንቀት መሀል ትንሽ ፈገግ አልሁ፤ በጋቢዬ ሸፍኜ።

የተመደበችልን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሆዴን ነካካች፤ እጄን «ቀና ያድርጉት እስቲ» አለችኝ፤ አልቀና አለ። ከዚያ አፌን አስከፈተችኝና ብዙ ቆየች።

«ይህን ማን ነቀሰዎት?»

ራሴን ልነቀንቅ ስል ባንቻየሁ ቀደመችኝ። «ማንም አልነቀሰውም። ራሱ ነው የወጣው።»

እግሯን ረገጥኋት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሥራዎ ምንድን ነው? የመኪና ባትሪ ያድሳሉ? ቀለም ይቀባሉ?»

«ፈረስ ነው የምነግደው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ወታደር ነበርሁ።»

«ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ጥይት አለ?»

ጉልበቴን በጋቢዬ ሸፈንሁ። ምናሉ ነው የመጣብኝ። አለ ካልሁ ታወጣዋለች፤ ካወጣችው አለቀልኝ።

«ጉልበቱ ላይ አለች» አለች ባንቻየሁ። «አገር ያውቃታል።»

ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችን። ጥይቷ ድሮ እንደማስባት ሙሉ አልነበረችም፤ ጠርዝ ጠርዟ ተበልቶ፣ በጉልበቴ ውስጥ ዙሪያዋን ነጭ ብናኝ ተነስንሷል። ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። ጥይት ውስጥ፣ እንደ ባትሪውና እንደ ቀለሙ፣ እርሳስ የሚባለው ለስላሳ ብረት አለ። ሥጋ ውስጥ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ሥጋው ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ ጉዳት የለውም። መገጣጠሚያ ውስጥ ግን አጥንት እንዳይፋጭ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ፤ ያ ፈሳሽ እርሳሱን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ አሟሙቶ ወደ ደም ይሰድደዋል። ሆዴን የሚቆርጠው፣ ደሜን ያሳነሰው፣ እጄን የጣለው፣ ባንቻየሁን ያስገፈተረኝም እሱ ነው። የድዴ መስመር የዚያ ምልክት ነው። ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ሲመጣም ያለችው ሆነ።

«መውጣት አለበት» አለችኝ። «ከዚያ እርሳሱን ከደምዎ የሚጠርግ ክኒን ይወስዳሉ። ካልወጣ ክኒኑ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጥይቷ እየቀዳች እኛ እየደፋን መኖር ነው።»

የምናሉን ነገር ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ስለ ጓደኛዎ ምንም ልል አልችልም፤ አላየሁትም» አለችኝ። «ያየሁት የእርስዎን ደም ነው። እንዲህ ሆነው ብዙ አይቆዩም።»

ተማክሬ እመጣለሁ ብዬ ወደ ቤት ተመለስሁ። ዋሴ ወሬውን ሰምቶ ከአዘና መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እንዳታስነካው! ምናሉን ረሳኸው? አብረን አይደለም ያየነው?»

«አልረሳሁትም።»

«እንግዲያማ ምን ትላለህ? ይህን ሁሉ ዓመት ጥይቷ አኑራሃለች፤ ዛሬ ምን አደረገችህ?»

ባንቻየሁ ሻይ አምጥታ ከፊቴ አኖረችው። ሁልጊዜ ብርጭቆውን ይዛ ታጠጣኝ የነበረችው እጇን አጣምራ ቆመች። ላነሳው ሞከርሁ። እጄ ተንጠለጠለ፤ ሻይው ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ።

«አየኸው?» አለችው ዋሴን። «አንተን ተሸክሞ ያመጣ እጅ ነው። ዛሬ ብርጭቆ አልሸከም ብሎታል። ምናሉን ነፍሱን ይማረው፤ እኔ ግን የማላውቀውን ሰው ሞት እየፈራሁ ባሌን ቁጭ ብዬ ልቅበር?»

ዋሴ እጄን አየ። ብዙ አየው። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሳይሰናበተን ወጥቶ ሄደ፤ እኔም ተቀየመኝ ብዬ አዘንሁ።

እኔ ግን ባሕር ዳር ተመለስሁ፤ በኦፕራሲዮኑ ቀን የሚያደነዝዘውን መርፌ ወገቤ ላይ ወጉኝ። እግሬ ብቻ ደነዘዘ፤ ዓይኔ ግን ነቅቶ ነበር። ከፊቴ አረንጓዴ ጨርቅ ተጋርዷል። ከጨርቁ ወዲያ ይነጋገራሉ፤ እኔ ከወዲህ ነፍሴን እጠብቃለሁ። ከዚያ ብረት ሳህን ላይ ብረት ሲወድቅ ሰማሁ። ወጣች ማለት ነው። አሁን ነው አልሁ። ትንፋሼን ያዝሁና ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ተነፈስሁ። እንደገና ተነፈስሁ። «አባት፣ ደህና ነዎት?» አለኝ ከራስጌዬ የቆመው ባለሙያ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

በአልጋ እየገፉ ሲያወጡኝ ኮሪደሩ ላይ ከባንቻየሁ ጎን ዋሴ ቆሞ ነበር። ከአዘና በሌሊት ተነስቶ መጥቶ ኖሯል። አልጋው እስኪደርስ ሳይጠብቅ «አለህ?» አለኝ። «አለሁ» አልሁት። «ደንቆሮ!» አለኝ፤ አልጋውን ይዞ አብሮ ገፋ።

መዳኑ ፈጣን አልነበረም፤ ይህንንም አልሸፍንም። ክኒኑ በቀላሉ አይገኝም፤ ሐኪሟ አዲስ አበባ ባሉ የሥራ ባልደረቦቿ በኩል ነው ያገኘችልኝ። ደሜን እያስመረመርሁ ተመላለስሁ። መጀመሪያ ቁርጠቱ ለቀቀኝ፤ የቆርቆሮው ጣዕም ጠፋ፤ የባንቻየሁ ወጥ ወጥ ሆነ። እጄ ዘገየ። ጣቶቼ ቀና ማለት የጀመሩት ተስፋ ቆርጬ ሳበቃ ነው። ባንቻየሁ በየእሑዱ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ከንፈሬን ገልባ ታያለች፤ «ቀጥኗል» ትላለች። አንድ እሑድ ብዙ ፈለገች፤ መስመሩን አጣችው። ከዚያ ከንፈሬን ለቅቃ ግንባሬን ሳመችኝ። ቀኝ እጄ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይዝላል፤ አንዳንድ ስምም ይጠፋብኛል። ልጓም ግን ይይዛል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ብረት የያዘ ሁሉ ይመረዛል አላልሁም፤ ሐኪሟም አላለችም። ነገር ግን የትም ክሊኒክ ብትሄዱ፣ ለሆዳችሁም ይሁን ለራሳችሁ፣ «ጥይት አለብኝ» በሉ። ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ። ድዳችሁ ሳትነቀሱ ከጠቆረ አታፍሩበት፤ አሳዩ።

ዋሴ ግን የትከሻውን ፍንጣሪ አላሳየም ነበር። ከዳንሁ በኋላ አዘና እየሄድሁ ለመንሁት። «አፍህን እንኳ ልየው» ስለው «ፈረስ ነኝ እንዴ?» ብሎ ጋቢውን አፉ ላይ ያደርጋል። ያ ጋቢ አስጨነቀኝ፤ እኔም እንዲሁ ሳደርግ ነው የከረምሁት። በኋላ ሚስቱ መስታወቱን ከግድግዳ አውርዶ እንደ ደበቀው ነገረችኝ። ፈርቶ ድዱን ራሱም አይቶት አያውቅም።

ባለፈው ሳይታሰብ ስልክ ደወለ። «አንተ አብረኸኝ ከገባህ እሄዳለሁ» አለኝ። በሚኒባስ ባሕር ዳር ወሰድሁት። ያው ኮሪደር፣ ያው አግዳሚ ወንበር። ስም ይጠራል፤ የሱ አይደለም። ለራሴ ስጠብቅ እንኳ እንዲያ አልተጨነቅሁም። ድንገት ጋቢውን ከአፉ አወረደና ወደ እኔ ዞረ።

«እየው» አለኝና ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።

ስንት ዘመን የፈረስ አፍ ሳይ የኖርሁ ሰው፣ ያን አንድ አፍ ማየት ፈራሁ። በቀኝ እጄ ከንፈሩን ገለብሁት። ላዩንም ታቹንም አየሁ። ድዱ ቀይ ነው። አንዲት ጥቁር መስመር የለችበትም።

«ምን ይላል?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ጥርሱ አልቋል» አልሁት። «ገና ግን ይጋለባል።»

ሳቀ፤ አፉን ገልጦ፣ ጋቢውን ሳያነሳ። ከዚያ ስሙ ተጠራ፤ ለትከሻው ራጅ መነሳቱ አልቀረለትም። ክንዱን ልይዘው ብድግ ስል እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ መልሶ አስቀመጠኝ።

«ተቀመጥ» አለኝ። «ዛሬስ በእግሬ እገባለሁ።»